አራተኛው እጥበት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የኔ ነገር ሥሩ ራሱ ውሃ ስለሆነ ከእናቴ ገንዳ ልጀምርላችሁ።

እናቴ በሆስፒታላችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ማሽኑ አጥቦ የተፋውን አንሶላ ሰብስባ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ በእጇ እንደገና የምታለቀልቅ እሷ ብቻ ናት። ማሽን ሳሙና ያስቀራል፣ የቀረ ሳሙና የታመመ ገላ ያሳክካል ባይ ናት። ሕጓ አንድ ነው፤ ለሰው ሦስቴ፣ ለራስ ሰው አራቴ። እኔ በትርፍ አንጀት የተኛሁ ጊዜ አንሶላዬን አራት ጊዜ አለቀለቀችው። አለቃዋ ሦስቱ መች አነሰና ውሃ ታባክኛለሽ ብሎ ቢቆጣት፣ ሦስቱ ለአንሶላው ነው፣ አራተኛው ለልቤ ነው ብላ መለሰችለት።

ይህንን ሕግ ከጡቷ ጋር ጠባሁት። የምወደውን ሰው የሚያጠፋብኝ እሱ መሆኑን በምን ልወቅ።

ተምሬ ከማጠቢያው ክፍል ወጣሁ፤ ርቄ ግን አልሄድኩም። የካንሰር ታማሚዎች ከሚተኙበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ከግቢው ማዶ ያለው ቤተ ሙከራ ተቀጠርኩ። ነጭ ጋውን ለብሼ ብውልም ስሜ አልተለወጠም፤ ለዘበኛውም ለነርሷም የአጣቢዋ ልጅ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል እንጂ የኔ ጆሮ ሁሉንም ይሰማ ነበር።

ሥራዬ ማልበስ ነው። የማለብሰው ሰው እንዳይመስላችሁ። ከብረት የሚሠሩ፣ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ የሚያንሱ ቅንጣቶች አሉ፤ ናኖ ቅንጣት ይሏቸዋል። ራቁታቸውን ደም ውስጥ ከገቡ ጉበትና ጣፊያ እንደ ሌባ ይዘው ያስቀሯቸዋል። ስለዚህ ሁለት ልባስ እደርብላቸዋለሁ። አንደኛው ከሰውነት ዘበኞች የሚሸሽጋቸው ነው፤ ሁለተኛው የካንሰሩን ሴል ለይቶ የሚያውቅና ሄዶ የሚለጠፍበት። በደንብ ከለበሱ ካንሰሩ ባለበት ቦታ ይሰበሰባሉ። በማግኔት ማሽን ምስል ሲነሳ የተሰበሰቡበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ሐኪሞቹ በሌላ ማግኔት ከውጭ ያሞቋቸዋል፤ እነሱም የተለጠፉበትን ሴል ይዘው ያቃጥሉታል። መፈለጉም ማቃጠሉም በአንድ ጠርሙስ ያልቃል።

ካለበስኳቸው በኋላ አጥባቸዋለሁ። ያልተጣበቀው ትርፍ ልባስ ካልወጣ ታማሚውን ያንቀጠቅጠዋል። ግድግዳችን ላይ በትልልቅ ፊደል «ሦስት ጊዜ ይታጠብ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለምን ሁለት ወይም አራት እንዳልሆነ የጻፈው ሰው አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሌላም ሕግ ነበረን። ጠርሙሱ ላይ የታማሚው የአልጋ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፤ ከታማሚዎቹ መካከል ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ሠራተኛ ሕክምናውንም ቤተ ሙከራውንም ለሚመሩት ዶክተራችን አሳውቆ ጠርሙሱን ለሌላ ሰው ያስረክባል።

ለቁጥር አሥራ አራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳለብስለት ለኔ ቁጥር ብቻ ነበር። ሦስት ጊዜ አጠብኩ፣ ላክሁ፣ ረሳሁት። ቅንጣቶቹ ሄደው አንገቱ ሥርና ብብቱ ውስጥ ሦስት ጥቁር ነጥብ አሳዩ፣ ተሞቁ፣ አቃጠሉ። በሦስተኛው ቀን አንድ ረጅም ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ግቢውን እያዘገመ አቋርጦ መስኮቴን አንኳኳ። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ያንን ብረት የላከችልኝ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ዝናብ ቢመታኝ እዝጋለሁ ወይ አለኝ።

ሳቅሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

*

መሬት ቀያሽ ነበር። እናቱ ከተማ ውስጥ ግማሹን ሕንፃ ያስገነቡ ሴት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። የታጨችለት ልጅ፣ የፋርማሲው ባለቤት ልጅ፣ በታመመ በሳምንቱ መጥታ ቀለበቷን ከአልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለት ሄዳለች። ለማንም አልተናገረም። እሱ ራሱ ነው በዚያው በመስኮቱ የነገረኝ፣ እየሳቀ። አንጀቴን በላው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣ። መምጣት ያቃተው ቀን በካሬ መስመር ወረቀት ላይ በእርሳስ እየጻፈ በክፍሉ ነርስ እጅ ይልክልኛል። አንዱ እንዲህ ይላል፤ «ከአልጋዬ እስከ መስኮትሽ ትናንት ሠላሳ አንድ እርምጃ ሆነ። ባለፈው ሳምንት አርባ ነበር። ወይ ግቢው ጠቧል፣ ወይ እኔ እየዳንኩ ነው። ሙያዬ ስለሆነ ግቢው እንዳልጠበበ አረጋግጫለሁ።» ይህችን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግራችሁም፣ ታፍሩብኛላችሁ።

ከግራ ጆሮው በታች፣ ከሦስቱ ነጥቦች ትልቁ የነበረበት ቦታ አለ። በመስኮቱ ጎንበስ ይልልኝና በሁለት ጣቴ እዳብስለታለሁ። መጀመሪያ ባቄላ ያህል ነበር፣ ከዚያ ምስር አከለ፣ በሰባተኛው ሳምንት ጣቴ ምንም አጣ። ያን ዕለት አንገቱን ከጣቴ ሳያላቅቅ፣ ከዚህ ስወጣ መጀመሪያ የማንኳኳው የእናትሽን በር ነው አለኝ። የእኛ በር መዝጊያው እንደተገነጠለ ነግሬው ተሳሳቅን። በማግስቱ ግን ያንኑ ቃል ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቀኑን አስፍሮ ላከው። ቀያሽ ነው መቼም፤ ምልክት ሳይተክል አይሄድም።

የሁለተኛው ምርመራ ቀን ደረሰ። ካንሰሩ ማለቅ አለማለቁ የሚታወቀው አዲስ ጠርሙስ ተወግቶ ነው። የተረፈ ነገር ካለ ነጥቡ ይወጣል፣ በዚያው ይሞቃል። የጠርሙሶቹ ዝርዝር ሲመጣ አሥራ አራት የኔ ድርሻ ሆነ። ሕጉን አውቀዋለሁ። ዶክተሯ ዘንድ ገብቼ ይህ ሰው ወዳጄ ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ወሬው ከዶክተሯ ቢሮ እትዬ ጆሮ ለመድረስ የአንድ ደረጃ መንገድ ነው፤ ደግሞስ የኔን ሰው ጠርሙስ ለሌላ ሰው እጅ እንዴት ልስጥ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

አለበስኩ። አንድ አጠብኩ፣ ሁለት አጠብኩ፣ ሦስት አጠብኩ። በደንቡ መሠረት ከሦስተኛው በኋላ ለፍተሻ የሚሆን ጠብታ ቀድቼ ለባልደረባዬ ሰጠሁት፤ አለፈ፣ ማኅተም ተመታበት። ጠርሙሱ ግን አሁንም እጄ ላይ ነበር። ያ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተንቀጠቀጠው ሰውዬ ፊቴ መጣ። ትንሽ ትርፍ ቢቀርስ? እንደገና ሁለት ቀን ጥርሱ ቢንቀጫቀጭስ? ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አይቼ፣ ይህ ለሰው ነው አልኩ። የቅንጣት ማጠቢያውን ማሽን ከፍቼ አራተኛውን አጠብኩለት። በሕይወቴ እንደዚያ በጥንቃቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

አልተንቀጠቀጠም። መድኃኒቱ እንደ ውሃ ገባ አለኝ በመስኮቱ፣ ኮራሁ። በማግስቱ የተነሳው ምስል ላይ አንድም ጥቁር ነጥብ አልነበረም። የምስል ሐኪሙ ጉበቱ ከወትሮው ጠቆር ማለቱን አይቶ፣ መድኃኒቱ እየወጣ ነው ብሎ አለፈው። ዶክተሯ ራሳቸው አልጋው ድረስ ሄደው ምንም የለብህም አሉት። እትዬ አለቀሱ። እኔ መስኮቴ ላይ ቆሜ ግቢውን ሲያቋርጥ እርምጃውን ቆጠርኩለት፤ ሃያ አራት። ከደስታዬ ብዛት እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

*

ሰው ሲድን ቤቱ ይሄዳል። ሄደ። አንድ ሳምንት ዝም፣ ሁለት ሳምንት ዝም። በሦስተኛው ሳምንት የእናቱ ሾፌር ፖስታ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ካሬ መስመር አልነበረውም፣ ጽሑፉም በእርሳስ አልነበረም።

ባለቀለበቷ ተመልሳለች ይላል። ፈርታ እንጂ ጠልታኝ አልነበረም ይላል። እናቴ ከሞት አፍ የወጣሁላት አንድ ልጇ ነኝ፤ አሁን የሷን ልብ ልሰብር አልቻልኩም ይላል። አንቺ ጠንካራ ነሽ ይላል፤ ይህቺን ቃል ወንዶች ከየት ተማሯት? መጨረሻ ላይ፣ ሰርጉ ከሁለት ወር በኋላ ስለሆነና ነገር እንዳይነሳ፣ ደብዳቤዎቼን ብትመልሺልኝ ይላል።

እኔም ኩሩ ነኝ፤ የአጣቢ ልጅ ብሆንም። ሃያ ሦስቱን ደብዳቤ በቁስል መጠቅለያ ሻሽ አስሬ፣ ሾፌሩ እዚያው ቆሞ እየጠበቀ፣ መለስኩለት። አንድ እንኳ አላስቀረሁም። እናቴ ማታ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አደረገችው። እጇ የበረኪና ሽታ ነበረው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚህ በላይ የሚመጣ ሐዘን የለም ብዬ ነበር። ሰው ሞኝ ነው።

ከምርመራው ስድስት ሳምንት በኋላ የማቀዝቀዣው ጽዳት ተራ የኔ ሆነ። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ሊላክ ሲል ጥቂት ጠብታ በትንሽ ብልቃጥ ይቀመጣል፤ ሁለት ወር ሲሞላው ይደፋል። ብልቃጦቹን እያወጣሁ ደረደርኳቸው። ሁሉም እንደ ቀጭን ሻይ ወጥ የሆነ ቡናማ ናቸው። አንዱ ብቻ ከላይ ጠርቶ ከታች ዝቃጭ ሠርቷል። የለበሰ ቅንጣት እርስ በርሱ አይጣበቅም፣ አይዘቅጥም። የሚዘቅጠው ልባሱን ያጣ ነው። ብልቃጡን አዞርኩት። አሥራ አራት።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና በሳህን ያሳደግናቸውን የካንሰር ሴሎች አወጣሁ። ያለውን ጠብታ በሙሉ አፈሰስኩባቸው፣ ሰዓቱን ጠብቄ በማጉያው አየሁ። አንድም የተለጠፈ የለም። አራተኛው እጥበት ትርፉን ሳይሆን ልብሱን ነው የገፈፈው። ራቁታቸውን ላክኋቸው፤ ጉበቱም ለቀማቸው። ምስሉ ላይ ነጥብ የጠፋው ካንሰሩ ስለጠፋ አይደለም። ፈላጊው ዕውር ሆኖ ስለሄደ ነው።

የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ ይላሉ ሐዘን ቅጥ ሲያጣ። በነሱስ ገዳዩና አልቃሿ ሁለት ሰው ናቸው፤ እኔ ግን ሁለቱንም ነኝ።

*

ሥራ ቦታው ድረስ ሄድኩ። ባዶ መሬት ላይ ሦስት እግር ያለው መለኪያውን ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እሱ ግን አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል። እትዬ ጃንጥላ ይዘው መኪናቸው አጠገብ ቆመዋል። ሲያየኝ ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ዛሬም አልፈታሁትም፤ ደስታም ይመስላል፣ ፍርሃትም።

ሁሉንም ነገርኩት። ስለ አራተኛው እጥበት፣ ስለ ዝቃጩ፣ ስለ ጉበቱ፣ አሁኑኑ ተመልሶ ምስል መነሳት እንዳለበት። ሰርጉን አላነሳሁም። መሬት መሬት እያየ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ደብዳቤዬ እንደጎዳሽ አውቃለሁ፣ ግን በሕይወቴ አትምጪብኝ አለኝ። ቅናት ይህን ያህል ያደርሳል ብዬ አልጠበቅሁም አለኝ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልኩት። ወደ መለኪያው ዞሮ ጎነበሰ።

እትዬ ጃንጥላቸውን አጥፈው ቀረቡ። ድምፃቸውን አላነሱም። ድሃ ሲወድ አይቻለሁ፣ ሲምል ግን ዛሬ አየሁ አሉኝ። በጤነኛ ልጃቸው ላይ ሞት የምጠራ እንደሆነ፣ ከሚያገባ ቢሞት የምመርጥ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሾፌሩን ጠርተው ይህቺን ልጅ እናቷ ገንዳ አጠገብ አድርሳት አሉት። በእግሬ ሄድኩ።

የሄድኩት ግን ወደ ገንዳው አልነበረም። ዶክተሯ ዘንድ ገብቼ በገዛ እጄ የጥፋተኝነት ወረቀት ጻፍኩና ፈረምኩ። ከሥራ እንደምባረር አውቃለሁ፤ ምን ይጠበስ አልኩ። ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ብልቃጡን ጠየቁኝ፤ በሙሉ ለምርመራ እንዳፈሰስኩት ነገርኳቸው። የፍተሻውን መዝገብ አወጡ፤ አልፏል ይላል። እንዲያ ከሆነ አራተኛ እንድታጥቢ ያደረገሽ ምንድን ነው አሉኝ። ስለምወደው ነው አልኩ። ማስረጃ ጠየቁኝ፤ ሃያ ሦስት ደብዳቤ ነበረኝ፣ መለስኩለት አልኩ። ስናገረው ለኔ ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ዶክተሯ ጥሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ደውለው ለምርመራ ጠሩት፣ አልመጣም አለ። በግድ ማሽን ውስጥ ላስገባው አልችልም፣ ግን ፊት ለፊት አገናኛችኋለሁ አሉኝ። ከቻልሽ አሳምኚው፣ ካልሆነ ወረቀትሽ በሐሰት ክስ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል።

*

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሦስቱም መጡ፤ እሱ፣ እትዬና ባለቀለበቷ። ቆንጆ ልጅ ናት፣ ልዋሽ አልፈልግም። የተቀመጠችው ከጎኑ ነው፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው። ዶክተሯ ወረቀቴን ጮክ ብለው አነበቡት። ስለምወደው የሚለው ጋ ሲደርሱ እትዬ በአፍንጫቸው ሳቁ።

«ይህን የምጠይቅህ ለሐሜት አይደለም» አሉ ዶክተሯ ወደሱ ዞረው። «ይህቺ ልጅ ከሕጉ ውጪ አራተኛ አጠብኩ የምትለው ባንተ ምክንያት ነው። በመካከላችሁ እንደምትለው ነገር ከነበረ አምናታለሁ፣ አንተም ዛሬ ምስል ሳትነሳ አትወጣም። ከሌለ ደግሞ ውሸታም ናት፣ በሰላም ቤትህ ትሄዳለህ። ታውቃታለህ?»

አየኝ። መቼም ልቤ ጅል ነው፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ዘለለ። አዎ በል አልኩት በሆዴ። እኔን ለማግባት አይደለም፣ ለመኖር ብለህ አዎ በል። ሻርፑን በእጁ ነካ አደረገው።

«በመስኮት አይቻት ይሆናል» አለ።

ባለቀለበቷ ትንፋሿን ለቀቀች። እትዬ ቦርሳቸውን አንስተው ተነሱ። ዶክተሯም እንደማዘን ብለው ወረቀቴን ወደ መዝገቡ ሊከቱት ነበር። ያኔ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ከወንበሬ ተነስቼ ፊቱ ቆምኩ። አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም። ሻርፑን ፈታሁት፣ እሱም አልከለከለኝም። ሁለት ጣቴን ከግራ ጆሮው በታች አስቀመጥኩ። ሳይታዘዝ ጎንበስ አለልኝ። ሰውነቱ ለምዶት ነበር፤ በእናቱና በእጮኛው ፊት፣ ልክ መስኮቱ ላይ እንደነበርነው ጎንበስ አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያን ጊዜ አወቀ።

ከጣቴ ሥር ባቄላ የሚያህል ነገር ተንከባለለ።

እጄ ሲቆም ቀና አለ። ዓይኑ ውስጥ ምንም መደንገጥ የለም። ያኔ ገባኝ። በዚያ ፀሐይ ሻርፕ የጠመጠመው ለምን እንደሆነ ገባኝ።

«መቼ አገኘኸው?» አልኩት።

«ስላጭ» አለ ቀስ ብሎ። «ሥራ ቦታ ከመምጣትሽ ሦስት ቀን በፊት።»

እትዬ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ቦርሳቸው ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ያነሳው ሰው የለም። ባለቀለበቷ ጣቷ ላይ ያለውን ነገር በአውራ ጣቷ ታዞረዋለች። እሱ ለኔ ብቻ ነበር የሚያወራው፣ ሌላ ሰው እንደሌለ። አንድ ወር ጤነኛ ሰው ሆኜ ልኑር ብዬ ነበር አለኝ። ሱፍ ተለክቼ ነበር፣ ሰው እንኳን ለዚህ አበቃህ እያለኝ ነበር፣ ተኝቼ አድር ነበር። አንድ ወር ዝም ብትዪኝ ምን ነበረበት? እኔ ያለቀስኩት እሱ ለኔ እንዳልሆነ ሳውቅ ነበር፤ እሱ ግን ይህን ሁሉ ቀን ብቻውን ከሞቱ ጋር ይላጭ ነበር።

ዶክተሯ ጥያቄያቸውን ደገሙት። ለመዝገቡ ያስፈልጋቸው ነበር። ታውቃታለህ አሉት።

«አውቃታለሁ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ባላውቃት ኖሮ ድኜ ነበር።»

እውነቱን ነው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያጠብኩት ሳላውቀው ነበር፤ ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሐሳቤ ምሳዬ ላይ ሆኖ። ያ ጠርሙስ አገኘለት፣ አቃጠለለት። ያቺ የመጀመሪያዋ እኔ፣ ምንም ያልወደደችው፣ እሷ ናት የጠቀመችው። የፍቅር እጄ ግን ልብሱን ገፍፎ ላከበት። በዚህ ቃል ላይ የምጨምረው የለኝም።

የአጣቢ ልጅ አጥባ ገደለችው አሉ እትዬ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። እሳቸውንም አልተቀየምኩም።

*

በሌላ ሰው እጅ የለበሰ ጠርሙስ ተወግቶ ምስል ተነሳ። ሦስት የነበረው ነጥብ ሰባት ሆኗል። ዶክተሯ የድሮውን ምስል ከአዲሱ ጎን አድርገው ሲያዩ ቆዩና፣ ጉበቱ ነግሮን ነበር፣ እኛም አላዳመጥነውም አሉኝ። ይህን የነገሩኝ ሊያጽናኑኝ ነበር መሰለኝ። ማሞቁ እንደገና ይጀመራል፣ ከሰባቱ አምስቱ ሊደረስባቸው ይቻል ይሆናል አሉ። ስለ ሁለቱ ምንም አላሉም። ግድግዳው ላይ ካለው «ሦስት ጊዜ ይታጠብ» ሥር አዲስ መስመር ተጽፏል፤ አራተኛ ልባሱን ይገፍፋል ይላል። ቁልፌንና ጋውኔን አስረክቤ ወጣሁ።

ሰርጉ ቀርቷል። ቀለበቱ እንደገና ጠረጴዛው ላይ መቀመጡን ነርሷ ነገረችኝ። እኔን ጠይቆ እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። እሷም አልነገረችኝም።

ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ እናቴን ለማገዝ ወደ ማጠቢያው ክፍል መሄድ ጀመርኩ። ትናንት ከካንሰር ሕንፃው የመጣውን አንሶላ ስንዘረግፍ ጥጉ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈ የአልጋ ቁጥር አየሁ። አሥራ አራት። ሙቀት ሲሰጠው አላበው መሰለኝ፣ የገላው ቅርጽ ታትሞበታል፤ ረጅም ሰው ነው። ፊቴን ልቀብርበት ቃጣኝና ተውኩት። እናቴ ስለ ጠርሙሱ አታውቅም። ጥፋት ሠርቼ መባረሬን እንጂ ጥፋቱ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም፣ እስክሞት አልነግራትም። ስለሱ ግን ታውቃለች። የአልጋ ቁጥሩንም ነግሬያት ታውቀዋለች።

ገንዳው ውስጥ ነከርኩት። አንድ አለቀለቅኩ፣ ሁለት አለቀለቅኩ፣ ሦስት አለቀለቅኩ። ጨምቄ ወደ መስቀያው ላነሳው ስል እናቴ እጄን ይዛ አስቆመችኝ። ውሃውን በአዲስ ቀይራ ጠበቀችኝ።

«አንድ ቀርቶሻል» አለችኝ። «ያንቺ ሰው አይደል እንዴ?»

አንሶላውን ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ውሃው በቀሚሴ አልፎ ሆዴ ድረስ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ቀዝቃዛ ነበር። እናቴ እንዳታየኝ ፊቴን ወደ መስቀያው አዞርኩ።

«አይደለም እማ» አልኳት። «የሰው ነው። ሦስት ይበቃዋል።»